«ባህሪው ነው» ስለተባለው ካምቢዮ፤ ለመኪናችን አምራች ግልጽ ደብዳቤ

ለአምራቹ ኩባንያ የጥራት ቁጥጥርና የደንበኞች አገልግሎት ክፍሎች

ጉዳዩ፦ በ107,000 ኪሎ ሜትር ስለሞተው የሚኒቫናችን ካምቢዮ

ክቡራን፣

ካምቢዮው የሞተው ዳገት ላይ ነው። መኪናው ውስጥ ስድስት ነበርን። ሦስቱ ልጆቼ ከኋላ፣ እናቴ መሃል ወንበር ላይ፣ ባለቤቴ ከጎኔ። የምነዳው እኔ ነበርኩ። ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ግን አልሄደም። ማርሽ ውስጥ ነው፤ ግን ማርሽ እንዳልገባ፣ ፎሌ ላይ እንዳለ ሆነ። ከኋላችን ከባድ መኪና እየወጣ ነበር። ወደ ኋላ መንሸራተት ስንጀምር ፍሬን ያዝኩ፤ የእጅ ፍሬንም ሳብኩ፤ የአደጋ መብራት አበራሁ። ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ ለምን ቆምን?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። የከባድ መኪናው ሹፌር ርቀቱን ጠብቆ ቆመልን። ወርዶም ጎማችን ሥር ድንጋይ አስገባልን። ያን ሰው እግዚአብሔር ይስጠው።

የካምቢዮው ወጪ ከባድ ነው፤ ገንዘቡም ያስፈልገኛል። አልደብቅም። ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ካምቢዮ እንደሚሞት ቀደም ብሎ ነግሮናል። እኛም ለእናንተ ነግረናል። አንዴ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ። የነገርናችሁ ግን የትም አልተጻፈም። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ለዚህ ነው።

መኪናውን የገዛነው አዲሱን ነው። ሦስተኛው ልጅ ሲመጣ የድሮዋ መኪና ጠበበችን። ተንሸራታች በር፣ ሰፊ የዕቃ ቦታ፣ ሰባት ወንበር። ለቤተሰብ የተሠራ ነው አላችሁ፤ አመንን። ዋስትናው 5 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። አገልግሎቱን አንድም ጊዜ አላሳለፍንም። ሁሌም ፈቃድ ወደሰጣችሁት የጥገና ማዕከል ነው የወሰድነው።

የመጀመሪያው ምልክት የመጣው በ58,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሜዳ ላይ በሰዓት ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ለስለስ አድርጌ ስነዳ መኪናው ይርገፈገፋል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ኮረኮንች መንገድ ላይ የገባን ይመስላል። ነዳጁን ጠበቅ ሳደርግ ይተወዋል። መጀመሪያ ጎማ መስሎኝ ነበር። ባለቤቴ ደግሞ ሞተሩ ነው አለ። ወሰድነው። የተቀበለን ልጅ ትሁት ነበር። አብሮኝ ወጣና ነዳው፤ እሱ ሲነዳው ግን አልርገፈገፈም። የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ሰካና «ምንም ኮድ የለም» አለኝ፤ ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ቁጥር የለም ማለቱ ነው። ቀጥሎ ያለኝን አልረሳውም። «የዚህ መኪና ባህሪው ነው፤ ይለምዱታል።»

ለመድነው። ሰው ምን የማይለምደው አለ? ባለሙያ ባህሪው ነው ሲልሽ ደግሞ የራስሽን ጆሮ መጠራጠር ትጀምሪያለሽ። የዚያን ቀን የተሰጠኝ ወረቀት አሁንም እጄ ላይ አለ። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ተቀየረ፣ ጎማ ተዘዋወረ፣ ፍሬን ታየ ይላል። ስለ መርገፍገፉ አንዲት ቃል የለችበትም። ያኔ ልብ አላልኩትም። ማን ልብ ይለዋል?

ሁለተኛው በ83,000 ላይ ነው። አሁን ነገሩ ተለወጠ። ጠዋት ጠዋት የኋላ ማርሽ ሳስገባ ሁለት ሰከንድ ያህል ይዘገይና ዱብ ብሎ ይገባል። ከሁለት ወደ ሦስት ሲቀይር ደግሞ የሞተሩ ዙር ለአፍታ ሽቅብ ይወጣና ይመለሳል። ማርሹን የሳተ ይመስላል። እንደገና ወሰድነው። በዚህኛው ጊዜ ሌላ ሰው ነው የተቀበለን። «ሶፍትዌሩን አድሰንላችኋል፤ ካምቢዮው አነዳድዎን እንደገና ይማራል» ተባልን። የካምቢዮው ዘይት መቀየር የለበትም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፤ አይነካም» አለኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው «ሶፍትዌር ታደሰ» የሚል ብቻ ነው። ለምን እንደታደሰ አይናገርም። እኔ ምን ብዬ እንደመጣሁ አይናገርም።

እድሳቱ በእርግጥ ለጥቂት ሳምንታት ረድቶታል። ለምን እንደረዳው ኋላ ላይ ነው የገባኝ። የዘመኑ ካምቢዮ ኮምፒውተር የውስጡ ክፍሎች ሲሳሱ እያየ የዘይቱን ግፊት ከፍ በማድረግ ያካክሳል። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ መኪናው ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ ያደርጋል። ግን የተበላውን መልሶ አያበቅለውም። ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ አያድንም። እኛም ድኗል ብለን ተቀመጥን።

ዳገቱ ላይ ከቆመ በኋላ መኪናውን አስጎትተን በሙያው ወዳረጀ አንድ መካኒክ ወሰድነው። ከታች ያለውን የዘይት ገንዳ ሲፈታው አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጤነኛ የካምቢዮ ዘይት ብዙ ጊዜ ቀይና ጠራ ያለ ነው። የእኛ ጥቁር ነበር፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ገንዳው ወለል ላይ የብረት ብናኝ እንዲይዝ የሚቀመጥ ማግኔት አለ። በቀጭን ግራጫ ጭቃ ቢለበስ ያለ ነው፤ የትኛውም ካምቢዮ በሥራ ይበላል። የእኛው ማግኔት ግን ቅርጹ አይለይም ነበር። ብናኙ ውስጥ በጥፍር የሚያዝ የብረት ስባሪም ነበረበት። መካኒኩ በጨርቅ እየጠረገ ዝም አለ። ከዚያ «መቼ ነው መርገፍገፍ የጀመረው?» ብሎ ጠየቀኝ። በ58,000 አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ያን ቀን ያስረዳኝን በራሴ ቃል ልጻፈው። እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ይህን ደብዳቤ ለሚያነብ ሌላ ሹፌር ግን ይጠቅማል።

ኦቶማቲክ ካምቢዮ በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም እንጂ ፍሪሲዮን አልባ አይደለም። ፍሪሲዮን ሲጨመቅ የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፍ፣ ሲላላ የሚያቋርጥ ክፍል ነው። ውስጡ በርካታ ፍሪሲዮኖች አሉት። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ደግሞ ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል በዘይት የተሞላ ክብ ዕቃ አለ። በውስጡ ክንፍ ያላቸው ሁለት ክፍሎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል። እሱ የሚወረውረው ዘይት ሁለተኛውን እየመታ ያዞረዋል። ማርሽ ውስጥ ሆነን ፍሬን ይዘን ስንቆም ሞተሩ የማይጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ግን በዘይት በኩል ሲተላለፍ የሚባክን ጉልበት አለ፤ የባከነው ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ መኪናው ፍጥነት ሲይዝ ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለ አንድ ፍሪሲዮን ይገባና ሁለቱን አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል። በዘመናዊ መኪኖች ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ይህ ፍሪሲዮን ቶሎ ይገባል። ብዙ ጊዜም ሙሉ በሙሉ ሳይቆለፍ ሆን ተብሎ በትንሹ እየተንሸራተተ ይሠራል። ዘይቱ ጤነኛ ከሆነ ምንም አይደለም። ዘይቱ ሲያረጅ ግን ፍሪሲዮኑ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። የእኛ ኮረኮንች ይህ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ቁልቁል ነው። የፍሪሲዮኑ ልባስ በጣም ስስ ነው፤ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። እየተፋቀ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ደግሞ በየቦታው ይዞራል። ቫልቭ ቦዲ የሚባለው ክፍል በጠባብ ቦዮች የተሞላ ነው። ዘይቱ ወዴት፣ በምን ያህል ግፊት እንደሚሄድ የሚወሰነው እዚያ ነው፤ ሶሌኖይድ የሚባሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ቫልቮች በኮምፒውተሩ ትእዛዝ ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። ፍቅፋቂው ቦዮቹንና ሶሌኖይዶቹን ያፍናል። ግፊት ይቀንሳል። ግፊት ሲቀንስ የማርሾቹ ፍሪሲዮኖች በደንብ አይጨመቁም። ካልተጨመቁ ይንሸራተታሉ። ከተንሸራተቱ ይግላሉ። ከጋሉ ይቃጠላሉ። በ83,000 ላይ ከሁለት ወደ ሦስት ሲቀይር ዙሩ ሽቅብ ይወጣ የነበረው ለዚህ ነው። አንዱ ማርሽ ለቅቆ ሌላው በጊዜው አልያዘም ማለት ነው።

ልብ በሉ። የሁለቱ ሕመም አንድ ነው። በ58,000 የታየው የ107,000ው መጀመሪያ ነው።

ሚኒቫን ደግሞ ለካምቢዮ ቀላል ሥራ አይደለም። ባዶው ብቻ 2 ቶን ይጠጋል። ሰባት ሰውና ሻንጣ ሲጨመርበት ግማሽ ቶን ያህል ይመጣል። ሥራው ልጅ ማድረስና መመለስ ነው። መነሳት፣ መቆም፣ እንደገና መነሳት። መኪና ከቆመበት ሲነሳ ኮንቨርተሩ በጣም ይግላል፤ እኛ ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ እንነሳለን? ሞተሩና ካምቢዮው ከፊት ኮፈን ሥር ጎን ለጎን ተጣበው ተቀምጠዋል፤ አየር እንደልብ አያገኙም። በብዙ መኪኖች የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ማቀዝቀዣ በኩል ነው። ራዲያተሩ ራሱ በሞቀ ጊዜ እሷ ምን ታደርግ?

ስለዚህች ማቀዝቀዣ አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ችግር ይህ አልነበረም፤ ግን ብዙ ካምቢዮ ገድሏል። ማቀዝቀዣዋ ከውስጥ ከተቀደደች የራዲያተሩ ውሃ ካምቢዮው ውስጥ ይገባል። ውሃውና አብሮት ያለው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የፍሪሲዮኑን ልባስ የያዘውን ማጣበቂያ ያላቅቀዋል። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከታየ መኪናው አንድ ሜትር እንኳ መነዳት የለበትም።

አሁን ወደ «የዕድሜ ልክ ዘይት» ልመለስ። የማን ዕድሜ ነው? የመኪናው? የዋስትናው? የዘይት ዕድሜ በዋናነት የሚወሰነው በሙቀቱ ነው። በሙያው ውስጥ የተለመደ ግምት አለ። ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀቱ በየ11 ዲግሪው ሲጨምር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። ግምት ነው፤ የዘይቱ ዓይነትም ይለያየዋል። ግን አካሄዱን የሚክድ ባለሙያ አላጋጠመኝም። በ80 ዲግሪ 160,000 ኪሎ ሜትር ያገለግላል የተባለ ዘይት በ91 ዲግሪ 80,000 ብቻ ነው። በ102 ዲግሪ ደግሞ 40,000። ዳገት፣ ሙሉ ጭነትና የመኪና ሰልፍ ባለበት 102 ዲግሪ ሩቅ አይደለም።

ካምቢዮው ከተበላሸ በኋላ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ቀድሜ ማንበብ ነበረብኝ፤ እሱን እቀበላለሁ። ከኋላ በኩል፣ በደቃቅ ጽሕፈት፣ «ከባድ አገልግሎት» የሚል ሰንጠረዥ አለ። በከባድ አገልግሎት ላይ ያለ መኪና የካምቢዮ ዘይቱ በየ60,000 ኪሎ ሜትር እንዲቀየር ያዛል። ከባድ አገልግሎት ምንድን ነው ብዬ አነበብኩ። አጫጭር ጉዞ፣ መቆምና መነሳት የበዛበት መንገድ፣ ዳገት፣ ሙሉ ጭነት ይላል። እንግዲህ ይህ የቤተሰብ መኪና ኑሮ ነው! ሌላ ምን አለው? ለቤተሰብ የተሠራ ነው ብላችሁ የሸጣችሁት መኪና፣ ቤተሰብ ሲነዳው «ከባድ አገልግሎት» ይሆናል። የጥገና ማዕከላችሁ ደግሞ በ83,000 ላይ በግልጽ ስጠይቅ «አይነካም» አለኝ። መጽሐፋችሁ አንድ ይላል፣ ሠራተኛችሁ ሌላ ይላል። እኔ ያመንኩት ፊት ለፊቴ የቆመውን ሰው ነው።

የዘይት መለኪያ ዘንጉም የለም። ድሮ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ዘንጉን መዝዞ፣ በነጭ ጨርቅ ጠርጎ ቀለሙን ማየት ይቻል ነበር። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። በእኛ መኪና ዘይቱን ለማየት መኪናው በሊፍት ተነሥቶ፣ የዘይቱ ሙቀት ተለክቶ፣ ከሥር ቡሎን መፈታት አለበት። እኔ እንዴት አድርጌ አየው ነበር? ዘንጉን ያስቀራችሁት፣ ሰዎች የተሳሳተ ዘይት እንዳይጨምሩ ብላችሁ ነው ይባላል። ምክንያቱ ይገባኛል። ግን ዓይናችንን ከያዛችሁ እናንተ ልታዩልን ይገባ ነበር።

በዚህ ታሪክ እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1989 የአሜሪካው መኪና አምራች ክራይስለር በኮምፒውተር የሚታዘዝ ባለ አራት ማርሽ ካምቢዮ ሚኒቫኖቹ ላይ ገጠመ። አዲስ አሠራር ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ተበላሸ። ካምቢዮው የራሱን ዓይነት ዘይት አጥብቆ የሚፈልግ ነበር፤ የተለመደው ዘይት ሲገባበት መርገፍገፍ ይጀምራል። የዘይት ነገር ያን ጊዜም እንዲህ ወሳኝ ነበር።

ኦዲሲ የተባለው የሆንዳ ሚኒቫን ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2001 በተሠሩት ላይ የካምቢዮ ብልሽት ሲበዛ፣ ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ የካምቢዮውን ዋስትና ወደ 7 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዘመ። ይህ 160,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2004 ደግሞ ከ2002 እስከ 2004 የተሠሩትን ኦዲሲዎች ጨምሮ 1.1 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ለጥገና ተጠሩ። ችግሩ የሁለተኛው ማርሽ ሙቀት ነበር። ማርሹ በጣም ሲግል ጥርሱ ሊሸረፍ ወይም ሊሰበር፣ ካምቢዮውም መንገድ ላይ ሊቆለፍ ይችላል ተባለ። ብዙ ያልተነዱት ላይ ለማርሹ ተጨማሪ ዘይት የሚረጭ መስመር ተገጠመ። ከ15,000 ማይል በላይ የሄዱት ላይ ማርሹ ታየ፤ በሙቀት ቀለሙ የተለወጠበት ከተገኘ ካምቢዮው ተቀየረ።

ይህን የማነሣው ያኔ ኩባንያው በመጨረሻ «ባህሪው ነው» ብሎ ስላላለፈው ነው። ማርሹን ከፍተው አዩት። ቀለሙን አዩ። የእኛን የከፈተ የእናንተ ሰው ግን የለም።

ካምቢዮው ከሞተ በኋላ ለጥያቄዬ ከእናንተ የተጻፈልኝ መልስ ሦስት መስመር ነው። ዋስትናው በ7,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። ካምቢዮው በዋስትናው ዘመን ችግር እንደነበረበት የሚያሳይ መዝገብ የለም። ስለዚህ ኩባንያው ኃላፊነት የለበትም። ሁለተኛውን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። መዝገብ የለም። እውነት ነው፣ የለም። የሌለው እኔ ስላልመጣሁ ሳይሆን የመጣሁበትን ነገር የጻፈ ስለሌለ ነው። ስልክ ደውዬ ለአንዲት ሠራተኛችሁ አስረዳሁ። በትዕግሥት ሰማችኝ። «እህቴ፣ አምንሻለሁ፤ ግን ሲስተሙ ላይ የሚታየኝ ነገር የለም» አለችኝ። በእሷ አልፈርድም። እሷም የምታየው የተጻፈውን ነው።

በጥገና ማዕከሉ መኪና የሚቀበሉትን ልጆችም አልወቅስም። «ባህሪው ነው» የሚለው መልስ ከእነሱ ጭንቅላት የወጣ አይመስለኝም። ኮድ ከሌለ ሥራ የለም የሚል አሠራር ያመጣው ነው። መርገፍገፉ ግን ብዙ ጊዜ ኮድ ከመምጣቱ በፊት ነው የሚጀምረው። ኮድ ሳይኖርም የሚለካበት መንገድ አለ። ስካነሩ የሞተሩን ዙርና ወደ ካምቢዮው የሚገባውን ዙር ጎን ለጎን ያሳያል። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ በተቆለፈ ጊዜ ልዩነቱ ወደ ዜሮ መጠጋት አለበት። ካልተጠጋ ወይም ከፍ ዝቅ ካለ መንሸራተት አለ ማለት ነው። የ20 ደቂቃ ሥራ ነው። ያ ልጅ አብሮኝ ወጥቶ መኪናውን ሲነዳ ስካነሩ ተሰክቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በዚያው ቀን ይታይ ነበር። ያኔ ዘይት መቀየር ብቻውን ሊያድነው ይችል ነበር። ቢበዛ ኮንቨርተሩን። መላውን ካምቢዮ አይደለም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁን ልናገር።

የመጀመሪያውና ትልቁ ይህ ነው። ደንበኛ ያለውን ራሱ ባለው ቃል ጻፉት። «ሜዳ ላይ በ65 ይርገፈገፋል» ካለ እንደዚያው ይጻፍ። መካኒኩ ባያገኘውም ይጻፍ። «ደንበኛዋ እንዲህ አለች፤ ስንነዳው አላገኘነውም» ማለት ነውር የለውም። ቅጂውን ስጡን። አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ይህ መስመር ቢኖር ኖሮ እኔና እናንተ ዛሬ አንከራከርም ነበር። በዋስትናው ዘመን ተጽፎ የተመዘገበ ሕመም ደግሞ ዋስትናው ካለፈ በኋላ ቢገድል፣ የዋስትናው እንደሆነ ቁጠሩት። ሕመሙ የጀመረበት ቀን ነው ቀኑ።

«የዕድሜ ልክ» የሚለውን ቃል አውጡት። ከመጽሐፉም፣ ከሠራተኞቻችሁም አፍ። ለሚኒቫን «ከባድ አገልግሎት» የሚለውን ሰንጠረዥ ከኋላ አንሥታችሁ ዋናው አድርጉት። ቤተሰቡ የሚነዳው እንደዚያ ነውና። ዘይቱን መቀየር ለእኛ ከባድ ወጪ አይደለም፤ ካምቢዮ መቀየር ግን ቤት ያናጋል።

ለመካኒኮቻችሁ የምትልኩትን የቴክኒክ ማሳሰቢያ ለባለ መኪናዎቹም አሳዩን። ይህ ሞዴል መርገፍገፍ ካመጣ ይህን ዘይት ቀይሩ፣ ያንን ለኩ የሚል ወረቀት በጥገና ማዕከል ኮምፒውተር ውስጥ ካለ፣ እኛ የማናየው ለምንድን ነው? መኪናው የእኛ ነው። ውስጡ የተቀመጡትም የእኛ ልጆች ናቸው።

ይህን የምታነቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእናንተም ጥቂት ልበል። መኪናችሁ በለስላሳ አነዳድ ከተርገፈገፈ፣ ማርሽ ለመግባት ከዘገየ፣ ሲቀይር ዙሩ ሽቅብ ካለ፣ ወይም የተቃጠለ ከሸተተ፣ «ባህሪው ነው» የሚለውን አትቀበሉ። ፍጥነቱን፣ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። አብሯችሁ ያለ ሰው ቪዲዮ ያንሳ። ስትሰጡት ያላችሁትን ወረቀቱ ላይ አስጽፉ፤ ካልጻፉ ሳትፈርሙ ቁሙ። ኮድ ካወጣ ቁጥሩን ጠይቁ። ፒ 0741 ከሆነ የኮንቨርተሩ ፍሪሲዮን በደንብ እየቆለፈ አይደለም ማለት ነው። ፒ 0700 ግን ካምቢዮው ውስጥ ሌላ ኮድ አለ የሚል ጥቆማ ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ማቆም የለባቸውም። መኪናው በድንገት አንድ ማርሽ ላይ ብቻ ቆሞ ከቀረ ራሱን እየጠበቀ ነው፤ አታስገድዱት፣ አስጎትቱት።

ዘይት ስታስቀይሩም መመሪያው የሚለውን ዓይነት ብቻ ይሁን። አንድ ጊዜ ማፍሰስ ብቻውን ሁሉንም አያወጣም። ኮንቨርተሩና ቱቦዎቹ ውስጥ ብዙ ይቀራል፤ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከግማሽ አይበልጥም። ስለዚህ መካኒኩ ጥቂት ነድታችሁ እንድትመለሱና እንዲደግመው ቢነግራችሁ ሊያስከፍላችሁ ፈልጎ ነው አትበሉ።

ወደ እናንተ ልመለስ፣ ክቡራን። መኪናው አሁን ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። ካምቢዮውን ገና አላስቀየርነውም። የዘይት ገንዳውን፣ ማግኔቱን ከነብናኙ፣ ከዘይቱም አንድ ጠርሙስ በስማችሁ አስቀምጫለሁ። ማግኔቱን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጽፌበታለሁ። የ58,000ውና የ83,000ው ወረቀቶችም አብረው አሉ። አንድ መሐንዲስ ላኩ። ከፍቶ ይየው። ያየውንም ይጻፈው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሦስት ልጆች እናት

ግልባጭ፦
ይህን ዓይነት መኪና ለሚነዱ ቤተሰቦች ሁሉ